ደንበኛ

ኅዳር ነው፣ ኦውሉ ነው። ፀሐይ እንደ እንግዳ
ከደጅ ቆማ ሄደች፣ ሳትዘልቅ ወደ ጓዳ።
ገና ዘጠኝ ሰዓት መብራቴን አበራሁ፤
ስልኩ ሲጮህ አነሣሁ።

ታኔሊ ነው፣ ከባሕሩ ጠርዝ፣ ከደሴቲቱ ማዶ፤
ሥራው ውፍረት መለካት ነው፣ የባሕሩን በረዶ፤
ይህን ያህል ለእግረኛ፣ ይህን ያህል ለመኪና
ብሎ መንገድ ይከፍታል፣ ብርዱ ውሃውን ሲያጸና።

“ሣጥኔ ዝም አለች” አለኝ፤ “ከሰኞ ወዲህ ጭራሽ
አንድ ቁጥር አልጻፈች። ምን ብታደርጓት ነው፣ ሂልፓ፣ ንገሪኝ እባክሽ?
በእጄ መሰርሰሪያ እየበሳሁ አለሁ፤
በስልሳ ስምንት ዓመቴ ጣቶቼን በረዶው ላይ ጥያቸው መጣሁ።”

ሣጥኗን አውቃታለሁ። ግራጫ ቆርቆሮ፣
አንድ አረንጓዴ መብራት፣ የተላጠ ቀለም፤
የሠራት ፋብሪካ ዛሬ የጎማ መጋዘን ነው፣
ኮዷን የጻፈው ሰው በሕይወት የለም።
በየሰዓቱ አንድ ጊዜ ወደ እኛ ትመጣለች፤
“ይህን ፋይል ክፈቱልኝ” ትላለች፣
ቁጥሯን አስቀምጣ ዘግታ ትሄዳለች።
ሌላ ወሬ የላት።
ሰኞ ግን ሰርቨሩን በአዲስ ስሪት ተካን፤
እሷም እንደ ልማዷ መጥታ ብታንኳኳ
“ጥያቄሽ ልክ አይደለም” ብሎ መለሳት።

መልእክቷን ዘርግቼ ባይት በባይት ለቀምኩ፣
ምስር እንደሚለቅም ሰው ዓይኔን አጠበብኩ።
ስሙ ደኅና፣ ርዝመቱ ደኅና፤
ከስሙ ጭራ ግን አንዲት ዜሮ አለች።
ትርፍ ናት። ደንቡ አያውቃትም።
ሃያ ስድስት ዓመት አንጠልጥላት ስትመጣ
“ይቺ ደግሞ ምንድናት?” ያላት አልነበረም።

ታዲያ ማን ከለከላት? ከአራት መቶ ለውጥ የቱ ነው ጥፋቱ?
ለሁለት ከፈልኩት። ግማሹን እንደገና ለሁለት።
ይህኛው ይሠራል፤ ያኛው አይሠራም፤ ተመለስ፤ ክፈል።
ከምሳ የተረፈው የአተር ሾርባዬ በረዶ ሠራ።
በዘጠነኛው ላይ አንድ ለውጥ ብቻውን ቀረ፤
“ማን ጻፈው?” አልኩት መዝገቡን።
መዝገብ ይሉኝታ የለው፣
የኔኑ ስም ጠራ።

ግንቦት ነበር። መስኮቱ ተከፍቶ፣ ሌሊቱ አልመሽ ብሎ፣
አንድ አሮጌ መስመር አገኘሁ፦ “ትርፉን እለፈው” የሚል፤
ለምን እንደሆነ አይናገር፣ ማን እንዳለው አይናገር።
ጥራጊ መሰለኝ፣ ጠረግኩት።
በቦታውም “ትርፍ ያለውን መልሰው” ብዬ ጻፍኩ፤
ኦስሞም አየና “ጽዱ ሥራ” ብሎ አጸደቀው፤
እኔም ኮርቼ ብስክሌቴን ይዤ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ዛሬም ኦስሞ ከጀርባዬ ቆሞ
“ጥፋቱ የሣጥኗ ነው” አለኝ። “ደንቡ ካንቺ ጋር ነው።”
እውነቱን ነው። ደግሜ አነበብኩት፣ አንድ ፊደል አልሳትሁ፤
ደንቡን ጠብቄ ነው ደንበኛዬን ያጣሁ።
አገልጋይ ብለን ስም ያወጣንለት ማሽን
ጌታ ሆኖ ቁጭ ብሎ
አሮጊቷን ደጅ አስጠና።

አራት መስመር ጻፍኩ።
ከስሙ በኋላ የቀረው አንድ ባይት ብቻ ከሆነ፣
እሱም ዜሮ ከሆነ፣ ይለፍ፤ ሌላው ሁሉ ይመለስ።
በሩን ገርበብ እንጂ ብርግድ አላደረግሁም፤
ዜሮ መስሎ የሚመጣ ሌባም አይጠፋም።
ከላዩ ማስታወሻ፦ “ይህን አትጥረጉት፣
ባሕሩ ጠርዝ ላይ አንዲት ሣጥን አለች።”
ፈተናም ጨመርኩበት፣ ትርፍ ዜሮ ይዞ
በየሌሊቱ የሚያንኳኳ፣
እኔ ስረሳ እንዳይረሳ።

ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ቁጥሯ መጣ፦ አሥራ ሦስት።
ስልክ ደወልኩ። “ገባች” አልኩት፤ “አሥራ ሦስት ትላለች።”
“አሥራ አራት ነው” አለ ታኔሊ፤ “አሁን በስቼ ለክቻለሁ።”
ልቤ ወረደ። ሌላ ስሕተት መሰለኝ።
“የለም” አለ እየሳቀ፤ “ድሮም አንድ ታሳንሳለች፤
እኔ እጨምርላታለሁ።”

“የት ጽፈኸዋል ይህን?”

“የትም።”