ማጠፊያው ስር

«ሥራህን አሳየኝ» አለኝ በስልክ ጥሪ
ሐይቅ ዳር የመጣ አዲስ ሆቴል ሠሪ።
«ና እየው» አልኩታ፤ «አቶቴ ነው ቤቴ፣
ብረት ሲጮህ ስማ፤ ያው ነው ምልክቴ።»
ሳቀ። «ጋሼ ሌዳሞ፣ እንዲያ አይደለም፤
ፖርትፎሊዮ በሊንክ ላክ፤ መምጫ ጊዜ የለም።»

የእህቴ ልጅ ዳንጊሴ ስልኳን ቻርጅ አድርጋ
ባጃጅ አስቁማለች ገና ሰማይ ሳይነጋ።
«አጎቴ፣ ተነሳ፤ በሮችህን እንልቀም።»
በሮቼን!
እንደ ምስር፣ ከእንክርዳድ መሐል?
ሠላሳ ዓመት ቀጠልኩ ፌሮ ከላሜራ፣
አንዱም በር ተመልሶ ስሜን አልተጣራ፤
ተገጥሞ፣ ተቀብቶ፣ ሒሳብ ተከፍሎኝ፣
ፊቴ ላይ ተዘግቶ ነው የሸኘኝ።

ታቦር ስር ካለው ላይ አባ ኮዳ ነበረ፣
በፌሮ ክንፎቹ ሊበር የጀመረ፤
ቤቱ ተሸጠና ጌታው ተቀየረ፤
«ወፍ በሬ ላይ አልሻም» አለ፤ በግራይንደር ተቆረጠ።
የቀረው የአንድ እግር ጠባሳ ነው።
ዳንጊሴ ተንበርክካ ጠባሳውን አነሳችው።

ሞቢል፣ የእነሐጂ ሸምሱ መስኮት፣
ፍርግርጉን ሐረግ ወርሶታል፤ ቅጠል ብቻ ነው የሚታየው።
«ብረቱ የታለ?» ትለኛለች።
«ያው እኮ፤ የተሸከመው።»

ዲያስፖራ ሰፈር ግን ዘበኛው ተቆጣ፤
«ፎቶ ክልክል ነው!» ዱላው ቀድሞት መጣ።
«የማን በር መሰላችሁ?»
«የእኔ ነው» አልኩት፤ አመለጠኝ።
ከባርኔጣዬ እስከ ጫማዬ አየኝ።
«ያንተማ ቢሆን ከውስጥ ነበር የምትወጣው።»

እውነቱን ነው። ምን ይመለሳል?
የስንቱን ደጅ ሠርቼ የስንቱን ሳሎን አላውቅም።
«ወንድሜ፣ እጅህን ታችኛው ማጠፊያ ስር ስደድ፤
ሦስት ጠብታ ታገኛለህ፣ ቀለም ያልበላቸው፤
ሥራ ስጨርስ ነው ሁሌ የምጥላቸው።»
ጎንበስ አለ። ዳሰሰ።
ጣቱን በካቦርቱ ቀስ ብሎ ጠረገ፤
ቃል ሳይተነፍስ በሩን ለፎቶው ወለል አደረገ።

ማታ ኮምፒውተሩ ፊት «ስለ እኔ» የሚል ሳጥን፣
ባዶ፤ ውስጡ አንዲት መስመር ብልጭ ድርግም ትላለች።
«ምን ልበል?» «በያጅ በይ።» «አያንስም?» አለች፤
«የብረታ ብረት ዲዛይን ጠቢብ» ብላ ጻፈች።
«አጥፊው፤ ሰውዬው በአካል ሲያየኝ እንዳይደነግጥ።»

«ይሄኛው በር በስንት ዓመተ ምሕረት?»
«ሐይቁ ሞልቶ መንገድ የነካ ክረምት።»
«ደንበኛ?» «ያልከፈለኝ።»
«ስሙን ነው የምልህ!» «ስሙማ ያው ነው።»

ከዚያ አንድ በአንድ አሳለፈቻቸው።
ዕድሜዬን ሙሉ በጥቁር መስታወት አይቼ፣
ከእሳቷ ሌላ ሳላይ፣ የእጄን ዋጋ በልቼ፣
ዛሬ በሚያበራ መስታወት፣ በጣት ሲገፉ፣
በሮቼ ሁሉ በፊቴ አለፉ።
ዓይኔን አሸሁ። «ብየዳው ነው» አልኳት።

የመጨረሻው ፎቶ ላይ ደነገጥኩ፤
የገዛ ቤቴ በር!
የዛገ ቆርቆሮ፣ በሽቦ የታሰረ፣
ዛሬ ነገ ሲባል ዘመን ያስቆጠረ።
«ይሄን አውጪው! ሰው ምን ይለኛል?»
«አይወጣም» አለች፤
ከስሩ የጻፈችውን በጣቷ አሳየችኝ፦
«በሥራ ላይ»።