ሃያ አንደኛዋ ጣት

የከርኪዳካም ወር፤ ዝናብ አላባራም፤
ኒላ ደፍርሳለች፣ ዳሯ እንኳ አይጠራም።
ሚዛኔን በፎጣ እንደ ልጅ ጠቅልዬ
ሻንኩኒ ደጅ ቆምኩኝ፣ «ለጥናት ነው» ብዬ።

ማዳቪ ተንጋላ ጣራውን ታያለች፣
አንገቷን ካልጋው ጫፍ ወደ ታች ለቃለች፤
ግማሽ ራስ ምታቱ አሥር ዓመት ይዟት፣
መስኮቷን አዘግቶ ከጨለማ አስማምቷት።

ሌባ ጣታቸውን ከዘይቱ ነከሩ፤
ሁለት አንጓ ሰምጦ፣ አንሥተው ቆጠሩ።
ጠብታዋ አበጠች፣ አመነታች፣ ወርዳ
ካፍንጫው ጨለማ ገባች እንደ እንግዳ።

«ለደካማ ስድስት፣ ስምንት ለመካከል፣
አሥር ለጠነከረ፣ ግራና ቀኝ እኩል።
ጠብታ ማለት ይቺ ናት» አሉኝ፣ «ሌላ የለም።»

መጽሐፉ ሌባ ጣት ይላል፤ የማን፣ አይልም።
ገልብጬ አየሁት፤ ባለቤቱ የለም።
ሌባን ሚዛን ሰጥቶ ማን ተኝቶ ያድራል?
ለጠብታው ልክነት ማን ዋስ ይሆነዋል?

ጣት ልሰበስብ ወጣሁ፣ በዝናብ፣ በሰፈሩ፦
ያናጢውን፣ ጥፍሩ በመዶሻ የጠቆረ፤
የቀዛፊውን፣ በገመድ የደደረ፤
የነርሷን፣ ሳሙና የላሰው፣ የሳሳ፤
የተማሪውን፣ ጠመኔው ገና ያልተራገፈ።
ሃያ ጣት ነከርኩኝ፣ ሃያ ጠብታ መዘንኩ፤
አንዱም ካንዱ አልገጥም፤ ሦስቴ ደጋገምኩ።
ዘይት ሲሞቅ ይሳሳል፣ ሲበርድ ይከብዳል፤
ወፍራም ጣት ሲቸር ቀጭን ጣት ይሰስታል።

አማካዩን አወጣሁ፣ ሠንጠረዤን ዘጋሁ፤
ሃያ አንደኛዋን ግን የት ላግባት አጣሁ።

የሻንኩኒ ጣት ናት።
ጫፏን በልጅነት ገጀራ በልቷታል፣
ከኮኮናቱ ጋር አብሮ ቆርጧታል፤
ሁለት አንጓ ሲሉ አንድ ተኩል ይነከራል።
ጠብታዋም ከሁሉ ተለይታ
ከመስመሬ ማዶ ቆማለች፣ ብቻዋን፣
አርባ ዓመት ስንቱን ሰው አስተኝታ።

«ሰርዣት» አሉኝ፣ ሳቅ ብለው።
«አሁን ግን ይህን እይ።» እጃቸውን ዘረጉ፤
ነፋስ በሌለበት ጣቶቹ ተርገፈገፉ።
«ሳትሞላ ታመልጠኛለች፤
ስድስት ስል ዘጠኝ ትሆናለች።
ማዳቪ ስታምነኝ እኔ ራሴን አላምን።
ስጪኝ ብርጭቆሽን።»

ጨመቅሁት። ስምንት፣ አንዷ ካንዷ ሳትበልጥ።
ማዳቪ ጉሮሮዋን ጠረገች፣ ተፋች፣
ዓይኗንም ሳትገልጥ
«ዛሬ ጣትዎ በርዷል» አለች።
ሻንኩኒ ዝም። እኔም ዝም።
መዝገቤ ላይ ለዚህ የሚሆን ዓምድ የለም።

ማታ፣ ሁሉም ሲተኛ፣ የራሴን ነከርሁ፤
ሁለት አንጓ። አነሣሁ። ጠበቅሁ።
ጠብታዋ አብጣ ከጥፍሬ ሥር ቀረች፤
እንደ መውደቅ ብላ መልሳ ተወችው።
ሚዛኑ ዜሮ ላይ ነው።
ጣራው ያፈሳል፣ ካጠገቤ፣ ሳይለካ።