ጥጃውን ማን በላው?

አፉላ፤ ሰንበት ቀን፤ ጥቅምት አጋማሽ ላይ፤
ሙቀቱ አልለቀቀም፤ ደመና አልባ ሰማይ።
የሳምንቱን ምንባብ አባቴ ያነባል፣
ጣቱ ፊደል በፊደል እየተራመደ፦
ሦስት እንግዶች መጡ፤
አብርሃም ሊቀበል ሮጠ፤
ጥጃ ታረደ።

እኔ፣ ከዩኒቨርሲቲ የመጣሁት አዋቂ፣
«አባዬ» አልኩት፣ «ከጥንት ሊቃውንት አንዱ
እንግዳም አልመጣ፣ ራእይ ነው ይላል፤
ነቢይ በልቡናው እንዲህ ያለ ያያል።»

ዝም አለ። መነጽሩን በነጠላው ጫፍ ጠረገ።
«ይሁን፤ ራእይ ነው እንበል።
ታዲያ ጥጃውን ማን በላው?»

ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

«አምላክ አይበላም» አልኩ፤ «አይደክም፣ አይቀመጥም፤
እግር የለው፣ ፊት የለው፤ በቃል አይጨበጥም።
ሊቁ እንዳለው ከሆነ፣ እሱን የሚሻ ሰው
‹አይደለም፣ አይደለም› እያለ ነው የሚደርሰው።»

ይህን ስል
ደረጃው ላይ ድንች ሲንከባለል ተሰማ።
ሊፍቱ ከረቡዕ ጀምሮ ቆሟል።
ራይሳ፣ የአራተኛው ፎቅ፣ ሰንበት የማታውቀው፣
በራችን አጠገብ ቁጭ ብላ ታለከልካለች።

አባቴ ኦሪቱን አልዘጋም፤
ዓረፍተ ነገሩንም አልጨረሰም።
በካልሲው፣ ውሃ በብርጭቆ ይዞ፣
ሮጠ ነው የምለው፣
በዚያ ጉልበት፣
በዚያ ሙቀት።

እኔ ከክርክሬ ጋር ቀረሁ።
ገጹ ላይ፣ ጣቱ በነበረበት፣
ላቡ ነጥብ ጥሏል፤
«ሮጠ» የሚለው ቃል ላይ።

ሊቁ ልክ ሳይሆን አይቀርም።
ወንበር ይዤ ወጣሁ።