ሠላሳ አምስት ጌጅ

ሠራተኛ ሰፈር፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣
ጣሪያችን ወንፊት ነው፤ ፀሐይ በነጥብ ገባ፣
ዝናብ በባልዲ ገባ።
ድስቱን፣ ሳህን፣ ጣሳውን ሌሊት ሌሊት ስትደፋ
እናቴ ከረመች እንቅልፏን ስትገፋ፤
ዘንድሮ ግን፣ ልክ እቁቧ ሲወጣ፣
«ሰኔ ሳይገባብን ቆርቆሮ ይምጣ!»

ልኩን በሲጋራ ካርቶን ጀርባ ጽፌ
(አራት በስድስት ነው፣ ከነክፍክፉ)
መርካቶ ወረድኩኝ፣ በተሸካሚ መሀል ጎንበስ ብዬ አልፌ።

ነስሩ እስክሪብቶውን ከጆሮው ጀርባ መዞ
ያሳየኝ ጀመረ፣ ቁልል ተመርኩዞ፦
«ይህ ሸክላ መሳዩ፣ ቀዩ፣ የቪላ ቤት ልብስ፤
ይህ ባለስፖንጁ፣ በረዶ ቢወርድም ድምፁ ከቤት የማይደርስ፤
ሰማያዊው ሃያ ስምንት ጌጅ፣ ወፍራም፣ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ፤
ነጩ ሠላሳ አምስት ነው፣ ስስ ነው፣ ኪስ የሚያሳርፍ።
ቤቱ ግን የት ነው?»
«ፒያሳ፣ ሠራተኛ።»
እስክሪብቶው ተመለሰ፤ ድምፁ ሆነ የጓደኛ፦
«እህቴ፣ እዚያ ሰፈር ዛሬ አለ፣ ነገ ቀይ ቀለም ነው፤
ለሁለት ክረምት ጣሪያ ሃያ ስምንት ምነው?»

ቆርቆሮ ልገዛ የመጣሁ ሲመስለኝ
ለካ ስንት ዓመት ነው ነስሩ የጠየቀኝ።

በነጋታው አባቴን ይዤ ተመለስኩ።
ሠላሳ ሁለት ዓመት ከማተሚያ መኪና ጋር ቆሞ
ጆሮውን ያስፈጨ፣
ትከሻውን ካልነኩት የማይዞር፣
ጠዋት ግቢው ርሶ ሲያይ
«ማታ ዘንቦ ነበር እንዴ?» የሚል።
ምርጫውን ነገርኩት፣ በእጄ፣ በከንፈሬ፣ በጩኸት።
አላየኝም። ወደ ቁልሉ ሄደ፣
ጉንጩን አስጠጋ፣
በመሀል ጣቱ አጥንት አንድ በአንድ አንኳኳ፣
ሰው አለ እንደሆን እንደሚጠይቅ።
ባለስፖንጁ ላይ ምንም።
ወፍራሙ ላይ ቆየ፣ ደገመ፣ ተወው።
ስሱን ሲመታ
ቅንድቡ ብድግ አለ፣
በገበያ መሀል ስሙን የጠሩት ይመስል።
«ይሄ» አለ። «ይሄ ይናገራል።»

ነስሩ ሳቀ፦ «አየሽ? ሽማግሌው ሂሳብ ያውቃል።»

እናቴ እምቢ አለች።
«ስሱን? ልጅ በጠጠር የሚበሳውን?
ሰፈሩ ይፈርሳል ተብሎ እኔ እርጥብ ላይ አልተኛም።
ሲያነሱን ነቅለን እንሄዳለን፤
ጥሩ ቆርቆሮ እንደ ጥሩ ሰው ነው፣
ከቤተሰቡ ጋር ይሰደዳል።»
ከዚያ አባቴን አየችው።
እሱ ጣቱን ጠረጴዛው ላይ ያንኳኳ ነበር፣
ስሱን እንዳንኳኳው።
ዝም አለች። ዞር ብላ ድስት አማሰለች።

አሥራ ስምንት ሰማያዊ፣ ሁለት ነጭ ገዛን።
ዳርጌ ከመሰላሉ ላይ፣ አፉ በሚስማር ሞልቶ፣
«ሞገዱ አይገጥምም፣ ያፈሳል፣ በኋላ ዳርጌ እንዳትሉ!» አለ።
ከአባቴ አልጋ በላይ ያለውን አቡጀዲ ኮርኒስ
እኔው ራሴ በቢላ ቀድጄ አወረድኩት፤
የአርባ ዓመት አቧራ፣ አንድ የወፍ ጎጆ፣
አንድ የጠፋ ኳስ።

ሰኔ ስምንት፣ ማታ፣ መብራት እንደሄደ፣
ከእንጦጦ በኩል ሽው ብሎ ወረደ።
ከእኛ ጣሪያ በላይ ሹክሹክታው ተሰማ፣
ጎረቤት ለጎረቤት ሐሜት እንደሚያማ፤
ከአባቴ አልጋ በላይ ግን መኪናው ተነሳ፣
ይረግጣል፣ ያትማል፣ ቀለም ሳይነሳ፣
ገጽ በገጽ፣ ገጽ በገጽ፣ አንድም መስመር ሳይረሳ።
አባቴ በጨለማ ተነስቶ ተቀምጧል፤
ሻማ ይዤ ብገባ፣ ጣቱን ወደ ላይ ቀስሯል፦
«ቆየ፣ አታቋርጪኝ፤ ገና ይጨምራል።»

ዳርጌ እንዳለው ሆነ። በመጋጠሚያው በኩል
ጠብ ትላለች አንዲት፤ ጣሳ አለ ከስር።

እትዬ ዘርትሁን ከኮንዶሚኒየሙ አራተኛ ፎቅ
ልብስ እያሰጣች አየችን፦ «ምነው ጣሪያችሁ
ሰማያዊ ሆኖ ሁለቷ ነጭ ቀረች?
ብር አለቀባችሁ?»
እናቴ ጣሳውን አበባው ላይ ደፋች።
«አዎ» አለች፣ «አለቀብን»፤ ገባች።