ዓይኔን በዓይኔ

ሙሐረቅ፣ ከሰገነት ላይ፣ ልብስ ሳሰጣ በማለዳ፣
አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ያልፋል፣ ቤት እንደሳተ እንግዳ።
መጀመሪያ የመጣሁ ዓመት፣ ጭራው ላይ ያለውን ጽሑፍ
አነበው ነበር ፊደል በፊደል፣ እስኪሰወር፣ እስኪያልፍ።
ዘንድሮ ግን ፊደሉ ሟሟ፣ ሻይ ውስጥ እንደገባ ስኳር፤
አቧራ ነው፣ ወበቅ ነው አልኩ፣ ጨው ነው የሚተን ከባሕር።

የማስታምማት ሴትዮ ስሟ ሉልዋ ነው፤ በእኛም ቋንቋ ሉል።
አባቷ ትንፋሹን ውጦ፣ ባሕር ወርዶ፣ ዛጎል ለቃሚ ነበር ይባላል።
ልጁ ግን ሁለቱን ሉሎች፣ ከግንባሯ ሥር ያሉትን፣
ውሃ ሳትነካ ጣለቻቸው፤ ካቻምና አንዱን፣ አምና አንዱን።
«የሺ፣ መብራቱን ማን አጠፋው?» ትለኛለች በቀትር፤
ፀሐይ ምንጣፉ ላይ ተጋድማ፣ እኔ ቴምሯን ስቆጥር።

ስኳር።
ለክፉ ነገር እንዲህ ያለ ስም ያወጣለት ማን ይሆን?

አንድ ሌሊት፣ ለአራተኛ ጊዜ ውሃ ልጠጣ ተነሥቼ፣
መርፌ ቀይሬ የራሴን ጣት ወጋሁ፣ የኩሽናውን በር ዘግቼ።
ማሽኗ አሰበች፣ አሰበች፤ ሁለት መቶ ሰማንያ ሰባት።
የሷ እኮ ማታ መቶ ሠላሳ ነበር፤ እኔ ነኝ የምጠብቅላት!
ውሌ ይቀደዳል ብዬ ደበቅሁ። ሦስት ወር። ለማንም አልነገርኩ።
ቁርሴን እየዘለልኩ፣ ደህና ነኝ እያልኩ፣ ቆየሁ፣ ሰነበትኩ።

የያዘችኝ ማየት የማትችለው ናት።
«ሌሊት ሌሊት እርምጃሽን ቆጥሬዋለሁ፣ ስትሄጂ፣ ስትመለሺ፤
እኔም እንዲሁ ነው የጀመረኝ። ከማን ነው የምትሸሺ?
ዓይኔ ሳያመኝ ነው የሄደው፤
ሌባ በር አንኳኩቶ አይገባም።»
ልጇን ጠርታ አዘዘችልኝ፤ ሐኪም ቤት ሳልሄድ ቡና አትጠጣም።

ነርሷ «የሺ... የሺ...» ብላ ስሜን ገመሰችው ከሁለት፤
የሺህ እመቤት መሆኔ ቀርቶ፣ ወረፋ ቁጥር ሆንኩላት።
ጠብታ ጣለችብኝ። አቃጠለኝ። ብሌኔ ተከፈተ እንደ በር፤
አገጭ እዚህ፣ ግንባር እዚያ፤ ብልጭ ሲል ሁሉም ቀይ ነበር።
ከዚያ ስክሪኑ ላይ አሳዩኝ፤
የበሰለ ዱባ የመሰለ ክብ፣ ውስጡ ወንዞች የተሳሉ፣
እዚህም እዚያም ቀያይ ነጥቦች፣ የትንኝ ንክሻ የሚያካክሉ።
በአገሬ፣ ልጅ የታቀፈ ነው «ዓይኔን በዓይኔ አየሁ» የሚል፤
እኔ ግን ሳልወልድ አየሁት፣ መስኮት በሌለው ክፍል።
አንገቴን አዘንብዬ ቆየሁ። የኔ ነው? አልኩ። የኔ ነው።

ሐኪሙም፦ «ደም ሥሩ ሳስቷል፤ አልፈረሰም ግን ገና፤
ስኳርሽን ያዢው፣ ግፊትሽን ያዢው፣ በየዓመቱ ነይና
አሳዪን። እስኪደበዝዝ አትጠብቂ፤ ሲያምሽ አይደለም የምትመጪ፤
ዋናው መድኃኒት ቤትሽ ነው ያለው፤ ምን እንደምትበዪ ምረጪ።»
(ቤትሽ አለ። ትርፍ ሩዝ የሚበላበት ቤት የማን እንደሆነ አልነገርኩትም።)

ስወጣ ሙሐረቅ ነጭ ነበር። ግድግዳ የለ፣ መኪና የለ፣
ሰማዩ መሬቱን ውጦታል፤ ብርሃን ብቻ ነው ያለ።
እጄን ወደፊት ዘርግቼ፣ የመንገዱን ግንብ ስዳስስ፣
ለአንድ ከሰዓት ሉልዋን ሆንኩ፣ ከበራችን እስክደርስ።

አሁን ማለዳ አብረን ጣት እንወጋለን፤ መጀመሪያ እሷ፣ ከዚያ እኔ፤
ሻይ ያለ ስኳር፣ አልዋሽም፣ እስከ ዛሬ የምጠጣው እንደ ኩነኔ።
ከሰገነት ስወርድ ትጠብቀኛለች፤ «ዛሬስ ምን ይላል ጭራው?»
«ሦስቱን ፊደል አነበብኩ» እላለሁ፤ «አንዱ ቀረው።»
ጥቂት ዝም ብላ፣ መቁጠሪያዋን ይዛ፣ ፊቷን ወደ ድምፄ አዙራ፣
«ነገም ያልፋል» አለችኝ። «አሁን ጣትሽን አምጪ።
ቁጥሩን አንብቢው፤ ጮክ ብለሽ። እኔም ልስማው በተራ።»