ቀና የምትል ሞርሳ

ሙዲሩ ገዝቶ መጣ፣ ከሮላ ገበያ፣
በአርባ ድርሃም ሞርሳ፣ ያለ መደራደሪያ።
ሱኩማራን "ቫይስ" አላት፣ ሱዳኒው "መልዘማ"፣
እኔ ደግሞ "ሞርሳ"፤ እሷ መች ልትሰማ።

ሻርጃ፣ ሰናዒያ አሥራ ሦስት፤ ነሐሴ።
ከቆርቆሮው ሥር ዘይት የሚያፈላ ሙቀት።
ሥራው የኸልፋን ነው፣ ለዓሣ ጀልባ፤
ሃያ አራት ላሜራ፣ በያንዳንዱ ቀዳዳ
ፒኑ ሳይንገዳገድ ቀጥ ብሎ የሚገባ።

የመጀመሪያው ላሜራ አንድ ሚሊ ሳተ።
ሁለተኛው ሁለት።
ሦስተኛው ላይ ፑንታው ተሰበረ፣ ሞተ።
ሙዲሩ እኔን እንጂ ሞርሳዋን አላየም፣
"እጅህ ነው" አለኝ እንጂ ጥፋቱን አልለየም።
ሱኩማራን ከቶርኖው ራሱን ነቀነቀ፦
"ኑርልኝ፣ ጣላት ይቺን።
የአርባ ድርሃም ብረት፣ የአርባ ድርሃም ውሸት።"

ሐሙስ ማታ ቀረሁ፣ ከዒሻ በኋላ።
ቁራጭ ብረት አስነክሼ በጣቴ ጫፍ ዳበስኳት፤
ባጠበቅኳት ቁጥር ይነሣል መንጋጋዋ፣
አንድ ወረቀት ያህል ቀና ከአልጋዋ።
ሳቄ መጣ ብቻዬን፦ ይቺን ሰው አውቃታለሁ፣
ውል የፈረምኩ 'ለት ማታ መስታወት ላይ አይቻለሁ።

ፈታኋት። ከሆዷ አሸዋ ወጣ፤
የበረሃው አይደለም፤
የፋብሪካዋ ነው፣ ጊዛው ሲፈስ የቀረ፣
በአረንጓዴ ቀለም ለሽያጭ የተቀበረ።

ከመስኮት የተረፈ ወፍራም መስታወት አነጠፍኩ፣
ብርጭቆ ወረቀት አርሼ በላዩ ለጠፍኩ፣
ታችዋን ስምንት ቁጥር እየሠራሁ ፈገፈግኩ።
ከሙዲሩ ጠረጴዛ የማኅተሙን ቀለም፣
ውላችንን የሚያትምበትን፣
ትንሽ በጣቴ ቆንጥሬ በመስታወቱ ቀባሁ።
ከፍ ያለውን ቦታ ቀለሙ ነገረኝ፤
በሞረድ ላጥኩት፤ ደግሞ ቀባሁ፤
ደግሞ ሌላ ጠቆመኝ።

ከሥር የያዘቻት ጠፍጣፋ ብረት ላልታ ነበር፣
ከፔፕሲ ጣሳ ቆርጬ ስስ ቆርቆሮ አጎረስኳት።
ከተጣለ ኩሽኔታ አንዲት ፍሬ ለቅሜ
ከብሎኑ ጫፍ ሸጎጥኳት፣
ገፊው ወደ ታች ይግፋ፣ ወደ ላይ አያንሣት ብዬ።

ከዚያ ስኳድራ አቆምኩ፣ አምፖሉን ከኋላ።
በመንጋጋዋና በስኳድራው መሃል
ፀጉር የምታህል ብርሃን ስታጮልቅ፣
እየሞረድኩ ጠበቅሁ፣ ብርሃኗ እስክታልቅ።

ሱብሒ ሊል ሲቃረብ ቡሊኖ መታሁ።
ትራፓኖው አጉረመረመ፤
ከፑንታው ሁለት ከንፈር ሁለት እኩል ጥምዝ
ተጠቅልሎ ወረደ፣ ትኩስ፣ ሰማያዊ።
ፒኑን ከአፉ ላይ ለቀቅኩት፤ አልገፋሁትም።
አየሩን እያስወጣ ቀስ ብሎ ሰመጠ፣
እንዳልቸኮለ ሰው ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።
ማንም አላየም። ለሱኩማራን እንኳ
በምን ቋንቋ ልንገረው፣ ጣቴን ብቻ አሳየሁት፤
ማኅተሙ አለቀቀም።

ቅዳሜ ሙዲሩ መጣ።
ሃያ አንድ ላሜራ፣ በመስመር ተደርድሮ።
አንዱን ለካ፣ ከዳር ሌላውን፣ ከመሃል ሌላውን።
(የሦስቱ ላሜራ ዋጋ በወሩ መጨረሻ ተቆረጠ።)
ምንም አላለም፤ ካሊፐሩን ወደ ኪሱ መለሰ፣
ወደ መኪናው ሄደ፣ ካርቶን ይዞ ተመለሰ።

"እኅቷ ናት" አለ፤ "ሠላሳ አምስት ተቀበሉኝ።"

አረንጓዴው ቀለም ገና ይሸታል።
ቁራጭ ብረት አስነከስኳት፤
እጀታዋን ያዝኩ፤ አጠበቅኳት፤

ቀና አለች።