ባሕር የሌለው ወደብ

ሰኞ አልነበረም፤ ሐሙስ ነው የሄድኩት፣
ገበያው ሲተኛ ባቲን ያገኘሁት።
የድሮው የጨው ኬላ ሙዚየም ሆኗል አሉ፣
ጣራው ሰማይ ብቻ፣ ክፍት ነው ለሁሉ።
አስር ብር ከፈልኩ፣ ትኬት ተቆረጠ፤
ቀራጭ ዛሬም አለ፣ ስሙ ተለወጠ።

ጦይባ ናት አስጎብኚ፤ ቢጫ ጃንጥላ ይዛ፣
ከየፍርስራሹ ሥር ታሪክ ታወጣለች መዝዛ፦
«እዚህ ግመል ይንበረከክ ነበር፣
እዚህ ማሽላ ይመዘን፣ እዚህ ጨው ይደረደር፤
ቆላው ቅቤውን አዝሎ፣ ደጋው እህሉን ጭኖ፣
ባሕር ሳያይ የኖረ አገር ወደብ ሆኖ።»

አንድ አሞሌ አሳየችን፣ በመስታወት ተዘግቶ፣
ላብ የመሰለ ነገር ከጎኑ ወጥቶ፤
ሞቆት ይሁን፣ ወይስ ባሕሩን ናፍቆ፣
አንድ ጠብታ ባሕር ይሠራል፣ ወዲያው ያልቃል ደርቆ።

ከእኛ ጋር አንድ ሽማግሌ፣ ከጭፍራ የመጡ፣
ጋዓስ የሚባሉ፣ ጥላ ሲያዩ የሚቀመጡ፤
አባታቸው በዚህ በር ስንት ሰኞ እንዳለፈ
በጣታቸው ቆጥረው፣ ቁጥሩ ከጣት ተረፈ።

ከሰንሰለት ማዶ፣ ከእንጨት መደብ ላይ፣
ተቀምጧል አንድ ጥቁር የሚዛን ድንጋይ።
ከጎኑ ጽሑፍ አለ፣ በነጭ ቀለም የደመቀ፦
«በዚህ ሚዛን ቆላና ደጋ ያለ ዋስ ተዋወቀ።»

እኔ አውቀዋለሁ።

ሆዱ የተቦረቦረ ነው፤ አፉ በሰም የተለበጠ፣
ሰም አለው፣ ወርቅ የለውም። አባዬ በመሮ እየቀጠቀጠ
ሌሊቱን ሲያጎድለው፣ ኩራዙን የያዝኩት እኔ ነኝ፤
በጎደለው ማሽላ ነው ደሴ ልኮ ያስተማረኝ።

ለጦይባ ልንገራት? ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሶ፣
እንደ ጨው ሟሟ፤ ወረደ ወደ ሆዴ ተመልሶ።

ጋዓስ ግን ሰንሰለቱን በከዘራ ዝቅ አድርገው፣
«አይነካም!» ሳይባሉ ድንጋዩን በእጃቸው ይዘው፣
ከፍ አደረጉት፣ ዝቅ፣ ደግመው ወደ ላይ፤
እኔን አዩኝ እንጂ አላዩም ድንጋይ።

«ልጄ» አሉኝ፣
«ይሄ ነገር ቀሏል።»

ፈገግ ብለው መልሰው አስቀመጡት፣ ሰሙን ወደ ታች፤
ጦይባም «እርጅና ነው» ብላ ሳቀች።

ስወጣ ማንም አልፈተሸኝ ከኬላው በር ላይ።
ጋዓስን ጋበዝኳቸው፣ ከመንገዱ ዳር፣ ሻይ፤
ስኳሩን እኔ ሰፈርኩ፣ ማንኪያው ሞልቶ እየፈሰሰ፣
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣
«ይበቃል» አሉ፤ እጄ ግን አልተመለሰ።